የመርጡለ ማርያም ድንጋይ ስንት እጅ አየ

እንግዲህ ወደ ምሥራቅ ጎጃም እንውረድ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ወሬውም እንደ መንገዱ ነውና የሚቸኩል ካለ ከወዲሁ ይነሣ፤ የቀረነው ቀስ እያልን እንሄዳለን።

ከአዲስ አበባ የተነሣው መኪና ጎሐ ጽዮንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ከዚያም ድልድዩን ተሻግሮ ወዲያ ማዶ ያለውን ጠመዝማዛ እያቃሰተ ይወጣና ደጀን ላይ ብቅ ሲል፣ ጆሮ ይከፈታል፣ ንፋሱ ይለወጣል፣ ነጠላውን ያወለቀ ሁሉ መልሶ ይደርበዋል። ደጀን ላይ መንገዱ ሁለት ነው። በስተ ግራ የያዘው ወደ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል፤ እኛ ግን በስተ ቀኝ የቢቸናውን እንይዛለን። ወሩ ኅዳር ከሆነ ደግሞ ደስ ይላል፤ ጤፉ ደርሶ ሜዳው ሁሉ ወርቅማ ሆኗል፣ ጥቁሩ ዋልካ ክረምት የጠጣውን ውኃ ጨርሶ መሰነጣጠቅ ጀምሯል፣ በስተ ግራ ደግሞ የጮቄ ተራራ ደመናውን ተከናንቦ ከሩቅ ይታያል። ገበሬው ማጭዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከመንገዱ ዳር ይቆማል፤ መኪናው ሲያልፍ እጁን ያነሣል፤ ማንም አያውቀውም፣ እሱም ማንንም አያውቅም፣ ነገር ግን እጅ ሳይነሣ መንገደኛ አይታለፍም።

ቢቸና የበላይ ዘለቀ አገር ናት። ከቢቸና ወጣ ብሎ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲጽፉ ፊታውራሪ መሸሻን ከነኩራታቸው ያስቀመጧቸው እዚያ ነው። እኛ ግን ዛሬ ዲማ አንገባም። ደብረ ወርቅንም ተራራዋን እያየን፣ ወንጌላዊው ሉቃስ ሳላት የሚሏትን ሥዕል በልባችን ተሳልመን እናልፋለን፤ ከዚያም ግንደ ወይን እንደርሳለን፤ ከግንደ ወይን ዋናውን የሞጣ መንገድ ትተን ወደ ቀኝ ወደ እነብሴ ሳር ምድር እንገነጠላለን፤ ከዚያም አቧራው ቅንድባችንን ነጭ አድርጎ ሲያስረጀን መርጡለ ማርያም ደረስን ማለት ነው።

ከቅጽሩ በር ሲደርስ ሰው ሁሉ ያንኑ ያደርጋል፤ ጫማውን ያወልቃል፣ የበሩን መቃን በግንባሩ ነክቶ ይስማል፣ ከዚያም ለአፍታ ዝም ይላል። የጸሎት ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይሄዳል። እንግዳው ግን ዓይኑ ወደ ሌላ ይሳባል፤ ምክንያቱም እዚያው ቅጽር ውስጥ ጣሪያ የሌለው፣ ግማሹ የፈረሰ፣ ግማሹ ደግሞ እንቢ ብሎ የቆመ የድንጋይ ግንብ አለ። ድንጋዩ ተራ ድንጋይ አይደለም። እየተጠረበ፣ እየተለሰለሰ፣ ክብ ክብ አበባ እየተፈለፈለበት የተደረደረ ነው። የዝናብ ውኃ በአበባው ቅጠል መካከል ወርዶ ወርዶ ድንጋዩ ጠቁሯል፤ ሽበትም አብቅሏል። አንድ ዲያቆን ሲያስጎበኝ አይቻለሁ፤ ሲናገር ሲናገር ሳያስበው ጣቱን በአበባው ጠርዝ ላይ ያዞራል፤ እንዲያ ሲዞርበት የኖረው ጣት ብዙ ነው መሰል የድንጋዩ ጠርዝ እዚያ ቦታ ላይ ያበራል።

«ማን ሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ። ካህናቱ «እሌኒ» ይሏችኋል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ራቅ አድርገው ከነገሥታቱ ከአብርሃና አጽብሓ ይጀምሩላችኋል፤ ከዚያም በፊት ቦታው የኦሪት መሥዋዕት ይሠዋበት ነበር ብለው ይጨምራሉ። የታሪክ ምሁራን ደግሞ በመነጽራቸው ሥር አየት አድርገው «ይህ የቆመው ግንብ የፈረንጆቹ የኢየሱሳውያን ሥራ ነው» ይላሉ። እኔ በበኩሌ ለመፍረድ አልቸኩልም። እናንተም አትቸኩሉ፤ አንድ ሕንፃ ስንት እጅ እንደሚያይ ለማየት መጀመሪያ ባሕር ተሻግረን እንምጣ።

በእስፔን ምድር ኮርዶባ የምትባል ከተማ አለች። ዘመዶቹ በሶርያ ሲታረዱበት አምልጦ፣ በረሃ አቋርጦ፣ ወንዝ ዋኝቶ የመጣ አብዱረሕማን የሚባል የኡመውያ ልዑል እዚያ ነገሠ፤ ከዚያም በ785 እ.ኤ.አ. ገደማ አንድ መስጊድ አስጀመረ። ቦታው ቀድሞ የክርስቲያኖች የቅዱስ ቪንሰንት ቤተ ክርስቲያን ነበር ይባላል። ግንበኞቹ ከሮማውያን ፍርስራሽ ዓምድ እየለቀሙ አመጡ፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር፤ ያን ሁሉ በቀይና በነጭ ቅስት አያያዙት፤ ልጆቹና የልጅ ልጆቹም እየተቀባበሉ አሰፉት፤ ዛሬ የቆሙት ዓምዶች 856 ናቸው። ከዚያ በ997 እ.ኤ.አ. አል መንሱር የሚባለው የጦር አለቃ ወደ ሰሜን ዘምቶ የቅዱስ ያዕቆብን ከተማ መታ፤ የቤተ ክርስቲያኑንም ደወሎች አውርዶ በምርኮኞች ትከሻ እስከ ኮርዶባ አሸክሞ አስመጣና የመስጊዱ መቅረዝ አደረጋቸው ይላሉ። ከዚያ ዘመን ተገለበጠ። በ1236 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ፈርናንዶ ኮርዶባን ያዘ፤ መስጊዱ ተባርኮ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ እነዚያም ደወሎች በተራቸው በሙስሊም ምርኮኞች ትከሻ ወደ መጡበት ተመለሱ። ትከሻው ተለወጠ እንጂ ሸክሙ ያው ነው።

ከዚያም በ1523 እ.ኤ.አ. ጳጳሱ የመስጊዱን መሐል አፍርሰው በዓምዶቹ ጫካ ውስጥ ረጅም ካቴድራል ማሠራት ጀመሩ። የከተማው ሹማምንት እንኳ ተቃውመው ነበር፤ አልሆነም። ሥራው እስከ 1607 እ.ኤ.አ. ቆየ። ዛሬ የገባ ሰው በቅስቶቹ ሥር ሲሄድ ሲሄድ ድንገት ጣሪያው ሽቅብ ይመዘዝና መስቀልና መላእክት ይመጡበታል፤ ጥቂት ዞር ካለ ደግሞ የመስጊዱ የስግደት አቅጣጫ ማሳያ፣ ምሕራቡ፣ በወርቅማ ጠጠር እንዳጌጠ አለ። ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ በ2006 እ.ኤ.አ. የከተማው ሀገረ ስብከት ሕንፃውን በ30 ዩሮ ክፍያ በስሙ አስመዘገበ፤ የማን ነው፣ ምንስ ተብሎ ይጠራ የሚለው ክርክር ዛሬም በጋዜጣ ይጻፋል። አንድ ሺሕ ዓመት ያለፈው ሕንፃ የባለቤትነት ካርታ ሲወጣለት ማየት ለእኔ ያስቀኛል፤ ለእነሱ ግን አያስቅም።

እንግዲህ እዚያ ሕንፃው ነው ሃይማኖቱን የለወጠው። በእኛ በጎጃም ግን መጀመሪያ የለወጠችው ሴት ናት።

እሌኒ የሐድያው ገዥ የገራድ መሐመድ ልጅ ነበረች። በሙስሊም ቤት ተወልዳ፣ በሙስሊም ቤት አድጋ፣ ከዚያም ለንጉሠ ነገሥቱ ለዘርዐ ያዕቆብ ተድራ መጣች። ዘርዐ ያዕቆብ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሠው ያ በሃይማኖት ጉዳይ ቀልድ የማያውቀው ንጉሥ ነው። አስቡት፤ አንዲት ልጅ እግር ከደቡብ ተነሥታ፣ በበቅሎ ተጭና፣ የእናቷን ቋንቋ የሚናገር ጥቂት ሰው ብቻ አስከትላ፣ ብርዱ አጥንት ወደሚሰብርበት ደጋ ስትወጣ። ከዚያም ተጠመቀች፤ እሌኒ ተባለች፤ መጽሐፍ ተማረች። የእንጀራ ልጇ የበእደ ማርያም ዜና መዋዕል ሲያመሰግናት በአንድ በኩል ጸሎቷንና የመጽሐፍ ዕውቀቷን ያነሣል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ባልትናዋን፣ የማዕድ አዘገጃጀቷን አይረሳም። ይህን ስሰማ ደስ ይለኛል። ታሪክ ጸሐፊው ወጥ ቀምሷል ማለት ነው።

ባሏ ሞተ፤ እሷ አልተገፋችም። በእደ ማርያም እንደ እናት ያዛት፤ እስክንድር ነገሠ፣ ሞተ፤ ናዖድ ነገሠ፣ ሞተ፤ በ1508 እ.ኤ.አ. ልብነ ድንግል ገና በልጅነቱ ዙፋን ላይ ሲቀመጥ አሮጊቷ እሌኒ ከአጠገቡ ቁጭ ብላ አገር ታስተዳድር ነበር። ከሙስሊሙ መንግሥት ከአዳል ጋር ንግድና ሰላም ይሻላል የምትል እሷ ነበረች፤ ደግሞም የቀይ ባሕሩን ነገር አይታ፣ ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ደብዳቤ አስይዛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላከች እሷው ናት። የተላከው መልእክተኛ ሄደ፤ ሕንድ ዞረ፣ ሊዝበን ደረሰ፤ የፖርቱጋሎቹ መልስ ምጽዋ የደረሰው ግን በ1520 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ እሌኒ በዕድሜ ደክማለች። መልእክተኞቹ አገር ውስጥ እያሉ ዐረፈች፤ ሕዝቡም እንደ እናት እንዳለቀሰላት አብሯቸው የነበረው ቄስ አልቫሬዝ ጽፏል። ኮርዶባ ላይ የመስጊዱ መሐል መፍረስ የጀመረውም በዚያው ሰሞን ነው፤ እሷ ያንን አልሰማችም፣ እነሱም እሷን አላወቋትም።

መርጡለ ማርያምን ያሠራችው ይህች ሴት ናት። ርስቷ ጎጃም ነበር። ፖርቱጋሎቹ ስለ ቤተ ክርስቲያኗ ሲጽፉ የወርቅ መንበር እንደነበራት ይናገራሉ። እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ አባቷ ወደ መካ ዞሮ የሚሰግድ፣ እሷ ደግሞ ለማርያም የወርቅ መንበር የምታሠራ። አባቷን ረስታው ነበር? አይመስለኝም። ከአዳል ጋር እንታረቅ የምትለው ሴት ያደገችበትን ቤት የረሳች አይደለችም።

ከዚያ ክፉው ዘመን መጣ። በ1529 እ.ኤ.አ. ሽምብራ ኩሬ ላይ ልብነ ድንግል ተሸነፈ፤ ኢማም አሕመድ፣ እኛ ግራኝ ያልነው፣ ደጋውን ወጣ፤ ቤተ ክርስቲያን ነደደ፣ መጽሐፍ ነደደ፣ ታቦት ይዞ ዋሻ የገባው ገባ። የእሌኒም ሥራ በዚያ ዘመን ጠፋ። ኢማሙ በ1543 እ.ኤ.አ. ሲወድቅ፣ ከንጉሡ ከገላውዴዎስ ጎን የቆሙት ነፍጠኞች የፖርቱጋል ሰዎች ነበሩ፤ የእሌኒ ደብዳቤ እሷ ከሞተች በኋላ ፍሬ አፈራ ማለት ይቻላል። ፍሬው ግን እሾህም ነበረው።

ምክንያቱም ከወታደሮቹ በኋላ ፓድሪዎቹ፣ ኢየሱሳውያኑ ካህናት፣ መጡ። ከእነሱ ሁሉ ስሙ የገነነው ጴጥሮስ ፓኤዝ እስፔናዊ ነው፤ በ1564 እ.ኤ.አ. ማድሪድ አካባቢ ባለች መንደር ሲወለድ የኮርዶባው ካቴድራል ገና ግንባታ ላይ ነበር። ወደ እኛ አገር ሲመጣ መጀመሪያ በባሕር ላይ ተያዘ፤ በየመን ሰባት ዓመት ያህል ታሰረ፤ ዓረብኛውን እዚያ ተማረ፤ ከዚያም ተቤዥቶ ወጣና ዳግመኛ ሞክሮ በ1603 እ.ኤ.አ. አርመናዊ መስሎ ገባ። ግዕዝ ተማረ፣ አማርኛ ተማረ፤ በ1618 እ.ኤ.አ. ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ ግሽ ዓባይን አየ። ትሕትና ያውቅ ነበር ይሉታል የማይወዱት እንኳ። ብዙ ሰው የመርጡለ ማርያምን ግንብ ለእሱ ይሰጠዋል፤ ነገር ግን እሱ በ1622 እ.ኤ.አ. ጎርጎራ ላይ ዐርፏል፤ የእነብሴውን ሥራ ከጥቂት ዓመት በኋላ የያዘው ብሩኖ ብሩኒ የሚባል ጣሊያናዊ ኢየሱሳዊ ነው። ከሕንድ የመጡ ግንበኞች ነበሩ፤ ኖራ ማቃጠልም ያኔ ተለምዶ ነበር፤ የአገሬውም ሰው ድንጋይ ተሸክሟል፣ ውኃ ቀድቷል፣ ጠርቧል። ግንቡ የተነሣው የእሌኒ ቤተ ክርስቲያን በነበረበት ስፍራ ላይ ነው። አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ የተጠረበ ድንጋይ ከእግሩ ሥር ወድቆ እያየ አዲስ ለመጥረብ ወደ ተራራ የሚወጣ ግንበኛ የት ታውቃላችሁ? የእሌኒ ድንጋይ በኢየሱሳውያኑ ግንብ ውስጥ ተቀላቅሎ ይሆናል እላለሁ እኔ፤ ግምቴ ነው። ካህናቱ «የእሌኒ ነው» ሲሉ፣ ምሁራኑ «የኢየሱሳውያን ነው» ሲሉ፣ እኔ ሁለቱንም አዳምጬ ዝም የምለው ስለዚህ ነው።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። ሱስንዮስ የሮምን ሃይማኖት አወጀ፤ በ1625 እ.ኤ.አ. የመጣው ፓትርያርክ ሜንዴዝ ደግሞ የፓኤዝን ትዕግሥት ይዞ አልመጣም፤ ካህኑ ዳግም ክህነት ተቀበል፣ ሕዝቡ ዳግም ተጠመቅ ተባለ፤ አገር በአገር ላይ ተነሣ፤ ወንድም ወንድሙን ገደለ። በ1632 እ.ኤ.አ. ንጉሡ ያሸነፈበትን ሜዳ፣ የሞተውንም ገበሬ አይቶ ልቡ ተሰበረ፤ ሃይማኖቱን መለሰና ዘውዱን ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ። ፋሲል ፓድሪዎቹን አስወጣ። ግንቡን ግን ማንም ከሥሩ አልነቀለውም። ሰው ተባረረ፣ ድንጋይ ቀረ፤ ዝናብ መታው፣ ጣሪያው ወደቀ፣ ግድግዳው ሳሳ፤ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ቻርልስ ቢክ የሚባል እንግሊዛዊ መንገደኛ መጥቶ ሲያየው ፍርስራሽ ሆኖ ነበርና መዝግቦ፣ በአገሩ አሳተመው። ከጎኑ ግን ቅዳሴው አልተቋረጠም።

አሁን ከመርጡለ ማርያም ተመልሰን፣ ከግንደ ወይን ወደ ሰሜን የሞጣን መንገድ እንያዝ። ሞጣ ጊዮርጊስን ያስተከለችው ወለተ እስራኤል ናት፤ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ፣ የራስ ኃይሉ ዮሴዴቅ እናት። ጎጃም ላይ ቤተ ክርስቲያን የተከሉትን ስትቆጥሩ ሴቶችም ታገኛላችሁ፤ ይህንን ልብ ያለ ሰው ጥቂት ነው። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ ደግሞ ሰባራ ድልድይ አለ፤ በፋሲል ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው፤ ፓድሪዎቹ ቢባረሩም ኖራውና ቅስቱ ከአገር አልወጣም። ጣሊያን አገር በያዘበት ዘመን አርበኞች መሐሉን ሰበሩት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ጎጃሜውና በጌምድሬው በገመድ እየተሳሳበ ይሻገር ነበር፤ ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰራል፣ ወዲያ ማዶ ያሉት ይስባሉ፣ ወዲህ ያሉት ይለቃሉ፣ ከሥር ዓባይ ያጓራል። ነጋዴው ይሳባል፣ ሙሽራዋ ትሳባለች፣ ቄሱም ሼሁም ይሳባሉ። በ2009 እ.ኤ.አ. የእግር መሻገሪያ ተንጠልጣይ ድልድይ ተዘርግቶላቸው ከገመዱ ተገላገሉ።

ሞጣ ከደረስን ደግሞ የማይታለፍ ነገር አለ፤ ደስ የማይል ነው፤ ነገር ግን የታሪክ ተረካቢ ደስ የሚለውን ብቻ የሚረከብ አይደለም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ዕለቱ ዓርብ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ የሚል ወሬ ተነሣ፤ ከዚያም ሰው ተሰበሰበ፤ ከዚያም መስጊዶች ነደዱ፣ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቅ ተሰበረ፣ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። አብሮ ዕድር የገባ፣ በሰርግ የተጠራራ፣ በለቅሶ ድንኳን የተከለ ሰው ነው ያንን ያየው። በማግስቱ ከአገር ዳር እስከ ዳር ጩኸት ሆነ፤ ለመልሶ ግንባታውም ገንዘብ ተዋጣ። የግራኝን እሳት በየዓመቱ የምናነሣ ሰዎች የሞጣን እሳት በአንድ ዓመት ብንረሳው ከፍርድ አናመልጥም። መርጡለ ማርያም ከሞጣ ሩቅ አይደለችም፤ እዚያ ቅጽር ውስጥ ካህናቱ ስሟን የሚያነሡት ሴት የገራድ መሐመድ ልጅ ናት። ያን ዓርብ ይህንን ጮክ ብሎ የሚናገር አንድ ሽማግሌ አደባባይ ቢቆም ኖሮ እላለሁ። ላይሰሙት ይችሉ ነበር። ቢሆንም ይናገር ነበር።

ለመሄድ ያሰባችሁ እንደሆነ፣ ክረምቱን አሳልፉት፤ የእነብሴ ጭቃ መኪና ይውጣል። ከመስከረም ወዲያ ጥሩ ነው፤ ለጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ብትደርሱ ደግሞ ሕዝቡን ከነዝማሬው ታያላችሁ፤ ነገር ግን ማደሪያ ቀድማችሁ ያዙ። በዓል ባልሆነ ቀን ከሄዳችሁ ካህናቱ ከቅዳሴ እስኪወጡ ደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ጠብቁ፤ አትጥሩ፣ አታጨብጭቡ። ነጠላ ያልያዘች ሴት ነጠላ ትዋስ፤ ፎቶ ለማንሣት ጠይቁ። ወደ ፍርስራሹ ስትገቡ አበቦቹን እዩ፤ ከዚያም አስጎብኚያችሁን «ማን ሠራው?» በሉት፤ ሲመልስ አታርሙት፤ ጨርሶ ሲያበቃ እናንተም በተራችሁ የሐድያዋን ልጅ ታሪክ ንገሩት፤ ምናልባት እሱ ከእናንተ ይልቅ ያውቀው ይሆናል፤ እንዲያ ከሆነ ቁጭ በሉና ከሱ ስሙ።